አየር ላስገባ ወይስ ዘይት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የብር ናኖፓርቲክል (በዓይን የማይታይ ደቃቅ የብር ቅንጣት) እሠራለሁ። በፍላስክ ስሠራ አንድ ቀን ጥሩ ቢጫ ይወጣል፣ በሌላ ቀን ያንኑ አሠራር ተከትዬ ግራጫ ይሆንብኛል። በቀጭን የቴፍሎን ቱቦ እያፈሰስኩ ስሞክረው ደግሞ መጠናቸው ተዘበራረቀ፣ ቱቦውም ውስጡ ብር ለበሰ። ጓደኛዬ «መሀል መሀሉ ላይ አየር ወይም ዘይት እያስገባሽ ቆራርጪው» አለኝ። እውነት ይጠቅማል ወይስ ጣጣ መጨመር ነው?

መልስ፦ ይጠቅማል። ግን እህቴ፣ ቱቦው ላይ ያለብሽ ችግር ሁለት ነው፤ አየር የሚፈታልሽ አንዱን ብቻ ነው።

መጠኑ የተዘበራረቀው ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ውስጥ እንደ ወንዝ ስለሚሄድ ነው፤ መሀሉ ይሮጣል፣ ዳሩ ይጎተታል። መሀል ያለው ከአማካዩ ፍጥነት በእጥፍ ሲሄድ ግድግዳው ጥግ ያለው የቆመ ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ቶሎ ወጥቶ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፣ ሌላው ዳር ላይ ተጎልቶ ያድጋል። ስትቆራርጪው ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ተራውን ይዞ ይጓዛል፣ የፊተኛውና የኋለኛው አይደባለቁም፣ ሁሉም ከሞላ ጎደል እኩል ጊዜ ቆይቶ ይወጣል። በዛ ላይ በየቁራጩ ውስጥ ፈሳሹ ስለሚሽከረከር ማማሰያ አያስፈልገውም። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ሊዮናርድ ስኬግስ እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ባደረገው የደም መመርመሪያ መሣሪያ የአንዱ ናሙና ከሌላው እንዳይደባለቅ መሀላቸው አየር ያስገባ ነበር።

የብሩ መለጠፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአየር ስትቆራርጪው ውሃው አሁንም ቴፍሎኑን እየታከከ ነው የሚሄደው፣ ብሩም መለጠፉን አይተውም። ለዚህ የሚያስፈልግሽ ቴፍሎንን ከውሃ በተሻለ የሚያረጥብ ነገር ነው፣ ለምሳሌ ፐርፍሎሮዴካሊን የሚባል ፍሎሪን ያለበት ዘይት። እሱ ግድግዳውን በስሱ ይቀባውና ውሃው መሀል ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀራል፣ ግድግዳ ሳይነካ ይወጣል። (የወጥ ዘይት ይዘሽ እንዳትመጪ! ይወፍራል፣ ውስጡ ያሉት ፋቲ አሲዶችም ብሩ ላይ ሊጣበቁ ይችላሉ።) ዋጋው ይቆነጥጣል፣ ግን ከውሃ ስለሚከብድ መጨረሻ ላይ ከታች ይዘቅጣል፤ ለይተሽ መልሰሽ ትጠቀሚበታለሽ።

ስትገጣጥሚው የብር ናይትሬቱና የሚቀንሰው (ወደ ንጹሕ ብር የሚለውጠው) ኬሚካል ከዘይቱ በፊት እንዳይገናኙ፣ አለዚያ መገናኛው ላይ ብር ይጋገርና ይዘጋብሻል። ባለ አራት አፍ መገናኛ ውሰጂ፣ ሦስቱ ሲሪንጆች (የብር ናይትሬቱ፣ የሚቀንሰው ኬሚካልና የዘይቱ) እዛው ይገናኙ፣ በአራተኛው ይውጣ። ቱቦውን ቀጥ አድርገሽ አትዘርጊው። ቀጥ ባለ ቱቦ የጠብታው ግማሽና ግማሽ ለየብቻቸው ነው የሚሽከረከሩት፣ ጠመዝማዛ ሲሆን ግን ይገላበጣሉ፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ተመራማሪ የሩስተም ኢስማጊሎቭ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳየው ይህንኑ ነው። ጊዜውን ስታሰይ ደግሞ የዘይቱንም ፍሰት ደምሪ፦ ውስጡ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ 2.5 ሜትር ቱቦ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ጠቅላላ ፍሰቱ በደቂቃ 0.2 ሚሊ ሊትር ከሆነ ወደ 10 ደቂቃ ይቆያል። የውሃውን ብቻ ካሰብሽ ውጤትሽ ከስሌትሽ ጋር አይገጥምም።

አንድ ነገር ግን ሰው ሲያጋንን እሰማለሁ። «ሙቀት ቶሎ ይወጣል» የሚባለው በዋናነት የቱቦው ቅጥነት ጥቅም ነው። በዚህ ቱቦ ለ1 ሊትር ፈሳሽ 4 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይደርሰዋል፣ ባለ 1 ሊትር ክብ ፍላስክ ግን 0.05 ገደማ ብቻ ነው ያለው፤ ቆራረጥሽም አልቆራረጥሽም ያው ነው። ቀስ ብሎ ለሚሄድ፣ ጠጣር ለማያወጣና ሁሉም ነገር አንድ ፈሳሽ ውስጥ ለሚሟሟ ሪአክሽን ደግሞ ፍላስኩ ይበቃል፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ውሃና ከውሃ ጋር የማይዋሃደው ቶሉይን ተገናኝተው መሥራት ካለባቸው፣ ወይም ሃይድሮጅን ፈሳሽ ውስጥ መግባት ካለበት ግን መቆራረጡ ዋጋ አለው፣ የሚገናኙበት ገጽ በጣም ይሰፋላቸዋል።

ፍላስኩ ውስጥ አንዳንዴ ግራጫ መሆኑን ግን ቱቦ ላይፈታው ይችላል። ውሃሽ ውስጥ ክሎራይድ ካለ ብሩን ይዞ ይዘቅጣል፣ ሌላ ጨው ከበዛም ፓርቲክሎቹ ይጓጉላሉ። ዘይቱን ከመግዛትሽ በፊት ውሃሽ በደንብ የተጣራ መሆኑን አረጋግጪ፣ ፍላስኩንም በቧንቧ ውሃ አለቅልቀሽ እንዳትተይው።