«ዕውርና አንካሳ ወደ ቤት አይግባ» የሚለው ቃል እኔን ይመለከታልን?

ጥያቄ፦ በጦርነት አንድ እግሬን ያጣሁ ምእመን ነኝ። በ2ኛ ሳሙኤል 5፥8 ላይ ዕውርና አንካሳ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚለውን አንብቤ አዘንሁ። አንድ ወዳጄም ጉዳቴ የኃጢአቴ ቅጣት እንደ ሆነ ነገረኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ ያነበቡት ቃል የእግዚአብሔር ትእዛዝ አይደለም። በዚያን ጊዜ በኢየሩሳሌም ይኖሩ የነበሩት ኢያቡሳውያን በምሽጋቸው ተመክተው ዳዊትን «ዕውሮችና አንካሶች እንኳ ይከለክሉሃል» በሚል ስድብ ተሳለቁበት፤ እርሱም በቁጣ መለሰላቸው፤ አባባሉም ከዚያ የጦር ሜዳ ዘለፋ ተወልዶ በሰው አፍ የቀረ ነው፤ መጽሐፉም «ይባላል» ብሎ የሰዎች ንግግር መሆኑን ያሳያል።

አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ይመለሱ። የሳኦልና የዮናታን መርዶ ከኢይዝራኤል ሲመጣ የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ የ5 ዓመት ሕፃን ነበረ፤ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሽባ ሆነ (4፥4)። ጸሐፊው የጦር ወሬን፣ ጥድፊያንና መውደቅን ብቻ ነገረን፤ የማንንም ኃጢአት አላነሣም፤ ሞግዚቲቱንም እንኳ አልወቀሰም። በኋላም ዳዊት ከሎዶባር አስመጥቶ እዚያችው ኢየሩሳሌም ውስጥ ከማዕዱ አስቀመጠው። ምዕራፍ 9 የሚዘጋው ሁለቱም እግሮቹ ሽባ እንደ ነበሩ በመናገር ነው፤ ከማዕዱ ለመቀመጥ መፈወስ አላስፈለገውም።

ሰባኪዎች ሜምፊቦስቴን የኃጢአተኛ ነፍስ ምሳሌ ብቻ አድርገው ሲያቀርቡት ግን ሰውየው ይጠፋብናል (እኔም በዚህ በደለኛ ነኝ)። የዳዊት ልጅ አቤሴሎም በአባቱ ላይ ባመፀ ጊዜ የሜምፊቦስቴ አገልጋይ ሲባ ጌታውን ጥሎ ሄዶ በንጉሡ ፊት ከሰሰው፤ ዳዊትም ተከሳሹን ሳይሰማ ርስቱን ለሲባ ሰጠ። ሜምፊቦስቴ እግሩን ሳይጠነቅቅ፣ ጢሙን ሳያበጅ፣ ልብሱን ሳያሳጥብ ቀርቦ፣ አንካሳ በመሆኑ አህያ ሊያስጭን ፈልጎ እንደ ተታለለ ተናገረ (19፥24-26)። በዚህ ንጉሡ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ፤ በእግሩ ቀድሞ የደረሰውን አመነ።

ስለ ወዳጅዎ አባባል ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሠሩ በዮሐንስ 9፥3 የተናገረው ይበቃል። ስለ ቤቱ ግን፣ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም (ጥንታዊው የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም) 5፥8ን «ወደ እግዚአብሔር ቤት» ብሎ ስለሚያነብበው፣ ማቴዎስ 21ን አብረው ያንብቡ። ሕዝቡ «ሆሣዕና ለዳዊት ልጅ» እያሉ የተቀበሉት ጌታ ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ፣ «ዕውሮችና አንካሶች በመቅደስ ወደ እርሱ ቀረቡ» ይላል፤ የከለከላቸውም አልነበረም።