ለእርጅናዬ ካሁኑ ማሰብ እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? 27 ዓመቴ ነው። ቢሮ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ። እናቴ ገና 60 ሳይሞላት ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ጉልበቷንም ያማታል። ቅዳሴ መቆም አቅቷት አንዳንዴ ታለቅሳለች። እኔ እንዲህ እንዳልሆን ብዬ ጂም ጀመርኩ፤ አበላሌንም ማስተካከል እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን «ዕድሜ የእግዚአብሔር ነው፣ ሥጋ ነገ አፈር ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ይሉኛል። እውነት ይህ እምነት ማጣት ነው? ለጤናዬ ብዬ ብጾምስ ጾሜ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ዕድሜ የእግዚአብሔር መሆኑ እውነት ነው። ስንት ዓመት እንደምንኖር አንቆርጥም። ግን የእሱ የሆነውን ነገር በአደራ የተቀበለ ሰው የበለጠ ይጠነቀቃል እንጂ አይጥለውም። «ሥጋ ነገ አፈር ነው» የሚለው ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። በጸሎተ ሃይማኖት «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» እንላለን። የሚነሣው ይኸው ሥጋ ነው። የተጠመቀው፣ ሜሮን የተቀባው፣ ቅዱስ ቁርባን የሚቀበለው ይኸው ሥጋ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ብሏቸዋል። ስለዚህ ሥጋን መንከባከብ በራሱ እምነት ማጣት አይደለም።

መጽሐፈ ሲራክን አንብቢው። በወጣትነትህ ካልሰበሰብህ በእርጅናህ ከየት ታገኛለህ ብሎ ይጠይቃል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጤና ከወርቅ እንደሚበልጥ፣ ብዙዎች በመብል ብዛት እንደሞቱ፣ ሐኪምም እንዲከበር እግዚአብሔር እንደፈጠረው ተጽፏል። ሰሎሞንም «በጉብዝናህ ወራት ፈጣሪህን አስብ» ያለው እርጅና ሲመጣ ዓይን እንደሚፈዝና ጉልበት እንደሚከዳ ስላወቀ ነው። መክብብ ምዕራፍ 12ን ከእናትሽ ጋር አብራችሁ አንብቡት።

ሐኪሞችም የሚሉት ከዚህ አይርቅም። አጥንት የሚጠነክረው በአብዛኛው እስከ 30 ዓመት አካባቢ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መጠበቅ ነው። የማይሠራ ጡንቻ ይደክማል። ደም ግፊት ደግሞ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ስለሚችል፣ እናትሽ ያለባትን አንቺም ካሁኑ እየተለካሽ ብትከታተዪ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ተመሳሳይ እንቅስቃሴ፣ በቀን ደግሞ ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። አምስት ግራም ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ ወጡ ውስጥ የገባውም ይቆጠራል።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱበት ቦታ ስለሆነ።

ጾም የሚጾመው ለእግዚአብሔር ነው። ክብደት ለመቀነስ ብቻ የተደረገ ከሆነ አመጋገብ ነው እንጂ ጾም አይባልም። ነውር የለበትም፤ ስሙ ግን ሌላ ነው። በአንጻሩ ለእግዚአብሔር ብለሽ ስትጾሚ ሥጋሽም ቢጠቀም ጾምሽ አይጎድልም። ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን የንጉሡን መብል እንቢ ያሉት እንዳይረክሱ ብለው ነው። አሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ወስደው ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ተገኘ። ያንን ያደረጉት ገና በወጣትነታቸው ነው። ዳንኤል እስከ ፋርስ ነገሥታት ዘመን ድረስ አገልግሏል። በአንበሶች ጉድጓድ ሲጣል ሽማግሌ ነበር። ያን ዕለትም በቀን ሦስት ጊዜ የመጸለይ ልማዱን አልተወም፤ መጽሐፉ «ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ» ይላል። ያኔ ያጸናው ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ልማድ አስቀድማ ሰጥታናለች። ረቡዕና ዓርብ አለ። 55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ። በነሐሴ ፍልሰታ አለ፤ ነነዌ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ገሃድ አሉ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ተልባው፣ ሱፉ መልካም ምግብ ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተን ጾማችንን በለስላሳና በብስኩት እንፈታለን። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ እንደራርባለን። የፋሲካ ለሊት ደግሞ 55 ቀን ያረፈ ሆድ ላይ ጥሬ ሥጋና አረቄ እንጭናለን። ከዚያ «በጾሙ ታምሜ ነው» እንላለን። ይህን ስል ያሳዝነኛል። ጾም መጠንን ሊያስተምረን ነው የተሰጠን። የጾም ቀን ሥጋ አለመብላት ብቻ ሳይሆን መጠንን መልመድ ነው። በፍስክም ቀን ያው መጠን ሊቀጥል ይገባል።

ስግደትም እንደዚሁ። ሰውነትን ለማሠራት ብለሽ አትስገጂ፤ ስግደት አምልኮ ነው። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሰግድና ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ጉልበቱ ሥራ አይፈታም። ማኅሌት የሚቆሙ አረጋውያን አባቶችን አይተሽ ታውቂያለሽ? ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ይዘው ይቆማሉ። ያንን የጀመሩት በስድሳ ዓመታቸው አይደለም።

ጂሙን በተመለከተ፣ ኃጢአት የለበትም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሥጋን ማስለመድ «ለጥቂት ይጠቅማል» ብሎ ጽፎለታል። ጥቂት አለ እንጂ ከንቱ አላለም። የሰንበትን ቅዳሴ እንዳያስቀርብሽ ብቻ ተጠንቀቂ። በመስታወት ፊት ቆሞ ፎቶ መለጠፍ ዋናው ሥራ ሲሆን ደግሞ ሥጋ ጌታ ይሆናል። እንቅልፍም አትርሺ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ቲክቶክ ላይ ቆይቶ ጠዋት ለኪዳን ጸሎት መድረስ አይቻልም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልንገርሽ። ሁሉን አድርገሽም ልትታመሚ ትችያለሽ። በሽታ ሁልጊዜ የቸልተኝነት ዋጋ አይደለም፤ የኃጢአትም ምልክት አይደለም። ጢሞቴዎስ ራሱ ብዙ ጊዜ ይታመም ነበር። እናትሽን «ቀድመሽ ብትጠነቀቂ ኖሮ» ብለሽ እንዳትወቅሻት።

ሳሙኤል ካልዕ (ሁለተኛ ሳሙኤል) ምዕራፍ 19 ላይ ቤርዜሊ የሚባል ገለዓዳዊ አለ። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሲሸሽ የመገበው እሱ ነው። ዳዊት ድል አድርጎ ሲመለስ «ከእኔ ጋር ኢየሩሳሌም እንሂድ፣ እመግብሃለሁ» አለው። ቤርዜሊ ያኔ 80 ዓመቱ ነበር። የምበላውን ጣዕም አላውቅም፣ የዘፋኞችንም ድምፅ አልሰማም፣ ለምን ሸክም እሆንብሃለሁ አለ። ከዚያ በእሱ ፈንታ አንድ ወጣት ንጉሡን እንዲከተል ለመነ። ጆሮው ደክሟል፣ ምላሱ ደክሟል፤ ልቡ ግን አልደከመም። ሳይቀና ለወጣቱ ቦታ ለቀቀ። እኔ መልካም እርጅና የምለው ይህንንም ነው። ይቅር ማለት፣ መስጠት፣ «ይበቃኛል» ማለት በ27 ዓመት ካልተለመደ በ80 ይከብዳል። ስለዚህ ከአበላልሽ ጋር ይህንንም አብረሽ ልመጂ። የወር ደመወዝሽ ሲገባ አስቀድመሽ ዐሥራቱን ለዪ፤ የተጣላሽው ሰው ካለ ሳይከርም ደውዪለት።

እናትሽን በተመለከተ፣ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» (የተቀመጣችሁ ተነሡ) ሲል ልቧ ከተነሣ ይበቃል። መቆም ለማይችል ሕመምተኛ መቀመጥ አልተከለከለም። ወንበር ይዘሽላት ሂጂ፤ አታሳፍሪያት፣ ማንም እንዲያሳፍራት አትፍቀጂ። የስኳር መድኃኒቷን በጾም ሰዓት በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ አደራ። የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥትም ለሕመምተኛ በጾም ይራራል። መጀመሪያ ሐኪሟ ስለ መድኃኒቱና ስለ ምግቡ ሰዓት ምን እንደሚል ጠይቁ። ከዚያ ያንን ይዛችሁ አብራችሁ ነፍስ አባቷ ጋ ሂዱ፤ እንደ አቅሟ ይሠሩላታል።