ብድር ነው ወይስ ቀብድ? ክሱ የሚጀምረው ከዚያ ነው

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው፦ 45,000 ብር ለአንድ ሰው በባንክ አስተላልፈዋል፣ የተፈራረሙት ውል የለም፣ በእጅዎ ያለው ሁለት ኢሜይል፣ የቴሌግራም ምልልስና በስልክ የተባለ «እከፍላለሁ» ብቻ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት ሄጄ ብከስ ያዋጣኛል ወይ ብለዋል።

መጀመሪያ ብሩ ምን ተብሎ እንደተሰጠ ይለዩ። ብድር ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መንገዱን ያጠበዋል፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። (ሕጉ በ1952 ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የምሳ ሒሳብ ሆኗል።) ስለዚህ «ሲያበድረው አይተናል» የሚሉ ሦስት ሰዎች ቢያሰልፉም አይጠቅምዎትም። ለሥራ (ለምሳሌ ጠረጴዛ ለማሠራት) ወይም ለዕቃ የተከፈለ ከሆነ ግን ውሉ በቃልም ይጸናል፣ በምስክርም ይረጋገጣል። ቀብድ ተብሎ ከተሰጠ ደግሞ ቀብዱ ራሱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው (1883)፤ ተቀባዩ ከውሉ ከወጣ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ እጥፉን ይመልሳል (1885)። ሁሉንም ቅድሚያ ክፍያ ግን ቀብድ ነው ብለው አይጻፉ።

የባንክ ደረሰኝ ብሩ መተላለፉን እንጂ ለምን እንደተላለፈ አይናገርም። ተከሳሹ «የነበረበትን ዕዳ ነው የከፈለኝ» ቢል ያንን ክፍተት የሚሞላው ኢሜይሉ ነው።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ስላለ ኢሜይል ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ አያጣም። ጭቅጭቁ «እኔ አልላክሁትም» ላይ ነው። የላኪው አድራሻ፣ ቀንና ሰዓት እንዲታይ ከነሙሉ ምልልሱ ያትሙት፤ የሚጠቅምዎትን መስመር ብቻ ቆርጦ ማቅረብ ጥርጣሬ ያመጣል። በቴሌግራም ስክሪን ሾት ላይ የሚታየው እርስዎ ያስቀመጡት ስም ስለሆነ ፕሮፋይሉን ከፍተው ስልክ ቁጥሩ ወይም ዩዘርኔሙ እንዲታይ አብረው ያንሱት። ሰውየው መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል ዛሬውኑ በኮምፒውተር ቴሌግራም ኤክስፖርት ያድርጉት (ምልልሱን በፋይል አውጥተው ያስቀምጡት)። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ አማርኛ ያስተርጉሙ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀንና ሰዓት ላይ ነው። ስልኩ 14:20 ሲል ምስክሩ «ከቀኑ 8፡20» ይላል፤ ኢሜይሉ በፈረንጅ ቀን፣ አቤቱታው በእኛ ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ፤ አለበለዚያ ትክክለኛው ምስክር የተምታታ ይመስላል።

ምስክር አድርገው የሚቆጥሩት ቃሉን ከተከሳሹ አፍ የሰማውን ሰው ነው። ከእርስዎ የሰማውን ይተዉት።

ከመክሰስዎ በፊት ማስጠንቀቂያ ይላኩ፦ መጠኑን፣ የተላለፈበትን ቀንና ምክንያቱን ጠቅሰው «በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ» ይበሉ። «ጊዜ ስጠኝ» ብሎ ከመለሰ አዲስ ጽሑፍ አገኙ ማለት ነው። ብድር ከሆነ ግን ፊርማ የለበትም የሚል ክርክር ስለሚነሳ በኢሜይል ብቻ አይመኩ፤ ሰውየው እሺ ካለ በሁለት ምስክር ፊት የዕዳ ማመኛ ያስፈርሙት።

የማስረጃ ዝርዝሩ ከአቤቱታው ጋር አብሮ ይገባል፤ የተረሳውን በኋላ ማስገባት ከባድ ነው። በባንክ እጅ ያለው እንዲቀርብልዎ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 መሠረት እዚያው ይጠይቁ። ዳኛው «ዋናውን አሳየኝ» ሊሉ ስለሚችሉ ስልክዎን ፍርድ እስኪሰጥ አይሽጡት፣ ፎርማትም አያድርጉት።