ጥያቄና መልስ፦ ሳይወለዱ የሚቀሩ አይጦች

የአይጥ እርግዝና ስንት ቀን ይፈጃል?

ከ19 እስከ 21 ቀን።

አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ተማሪዎቻቸው አፋጠጡኝ ብለው ጽፈዋል። ሁለት ቢጫ አይጦች ሲዳቀሉ፣ በሜንዴል የዘር ውርስ ሕግ ከአራት ሦስቱ ቢጫ መሆን ሲገባቸው ለምን ከሦስት ሁለቱ ብቻ ይሆናሉ?

የጎደሉት ስለሞቱ ነው። ፈረንሳዊው ሉሲያን ኬኖ እ.ኤ.አ. በ1905 ንጹሕ ቢጫ ዘር ፈልጎ አጣ። በ1910 አሜሪካውያኑ ካስልና ሊትል ቢጫውን ዘረ-መል ከእናትም ከአባትም የወረሱት ሳይወለዱ እንደሚሞቱ አሳዩ፤ ሽሉ ከማህፀን ግድግዳ ጋር በሚጣበቅበት ሰሞን ይጠፋል። የሚወለዱት ቁጥርም ስለሚያንስ ተማሪዎችዎ እሱንም ይቁጠሩ።

አንዲት እናት ልጇ ጀርባው ክፍት ሆኖ ተወልዶ ሞተባት። የባለቤቷ ቤተሰቦች ርግማን ነው ይሏታል። እሷ ደግሞ ዘሬ ይሆን ወይ ትላለች።

እህቴ፣ ርግማን አይደለም። እንዲህ የሚሉሽ ሰዎች ዝም ይበሉ፤ በሐዘንተኛ ላይ ጥፋት አይጨመርም። ስፕሎች የሚባሉ አይጦች አሉ። ፓክስ3 የተባለው ዘረ-መላቸው በአንድ ወገን ብቻ ሲበላሽ ሆዳቸው ላይ ነጭ ምልክት ይታያል። በሁለቱም ወገን ሲበላሽ ግን አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ሳይገጥም ይቀርና ሽሉ ይሞታል። ለእናት አይጧ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ሲሰጣት ቱቦው የሚገጥምላቸው ሽሎች ይበዛሉ። ከርሊ ቴይል በሚባሉት አይጦች ግን ፎሊክ አሲድ አልሠራም፤ የረዳቸው ኢኖሲቶል የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ክፍተቱ ቢመሳሰልም መነሻው ብዙ ስለሆነ፣ ያንቺ ዘር ወይም የእሱ ዘር ብሎ የሚፈርድ ሁሉ ሳያውቅ ነው የሚናገረው።

የሰው ጽንስ ቱቦው የሚገጥመው በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አላወቀችም። እርግዝናው ከታወቀ በኋላ የሚጀመር ኪኒን አይደርስበትም። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ የብሪታንያ ጥናት፣ እንዳንቺ ባሉ እናቶች ላይ በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ የችግሩን መደገም በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ለሌሎች ሴቶች ከሚመከረው 0.4 ሚሊግራም አሥር እጥፍ ነው፤ ከፋርማሲ ገዝተሽ በራስሽ አትጀምሪ። ዳግም ከማርገዝሽ በፊት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ሳትደብቂ ንገሪው። እባክሽ፣ ይህን ነገ ዛሬ አትበዪው።

ከልደቱ ጀምሮ ግንባሩ ላይ ነጭ ጸጉር ያለው ወጣት፣ አክስቴም መስማት የተሳናት ናት፣ ከአይጦቹ ጋር ይገናኛል ወይ ይላል።

ሊገናኝ ይችላል። በሰው ላይ የፓክስ3 ለውጥ ዋርደንበርግ ሲንድረም ያመጣል፤ ነጭ ጸጉርና የመስማት ችግር ከምልክቶቹ ናቸው። የጆሮ ሐኪም ይይህ።