የብጉር መድኃኒት ለጀመራችሁ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ዕድሜዬን የፈጀሁት ፋርማሲ ውስጥ ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሳል መድኃኒት ሲገዛ የሚያፍር ሰው ብዙ አላየሁም። የብጉር መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ወጣት ግን ወዲያው ይታወቀኛል። ሰው ካለ ወረፋውን ለሌላ ይለቃል። ማዘዣውን አጥፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሰጠኛል። ስለ አወሳሰዱ ላስረዳው ስጀምር "እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል" ብሎ ቶሎ መውጣት ይፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ልጅ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ፊቱ ተላልጦ፣ መድኃኒቱን ትቶት ይመጣል። አንዳንዱም ጭራሽ አይመለስም።

በመስኮቱ በኩል ቆማችሁ ለመስማት የቸገራችሁን ነገር ቤታችሁ ሆናችሁ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡት ነው የምጽፍላችሁ።

ሐኪም የሚያዝዘው የብጉር መድኃኒት ይሠራል። የጎንዮሽ ጉዳትም አለው። ከጉዳቶቹ አብዛኞቹ የሚቻሉ፣ መላ የሚገኝላቸው ናቸው። ጥቂቶቹ ግን አንድ ቀን እንኳ ዝም ሊባሉ አይገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ብዙ ልጆች ሁለቱን መለየት አለመቻላቸው ነው። መታገሥ ያለባቸውን ፈርተው ያቆማሉ፤ ማቆም ያለባቸውን ደግሞ ጥርሳቸውን ነክሰው ይገፉበታል።

"የጉርምስና ነው፣ ስታገቢ ይጠፋል" የሚሏችሁ ዘመዶች አሉ። ክፋት የላቸውም። ግን ሁሉም ብጉር በራሱ ጊዜ አይጠፋም። ጠልቆ የሚያብጠውና የሚያመው ዓይነት ሲቆይ ጉድጓድ ጠባሳ ይተዋል። እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ብጉሩ ከዳነ በኋላ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ሕክምና መፈለጋችሁ ቅንጦት አይደለም። ማንም እንዲያሳፍራችሁ አትፍቀዱ።

መጀመሪያ ከሚቀባው ልነሳ። ትሬቲኖይን ወይም አዳፓሊን ከታዘዘላችሁ ማታ ማታ ነው የምትቀቡት። ለሙሉ ፊት የአንዲት ፍሬ አተር ያህል ይበቃል። ደረቅ ፊት ላይ ነው የሚቀባው፤ ታጥባችሁ እንደረጠባችሁ አትቀቡት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይደርቃል፣ ይላላጣል፣ ያቃጥላል። ብጉሩም ሊብስ ይችላል። ብዙዎቹ ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ በትክክል የሚታየው ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ካቃጠላችሁ ከመተው ይልቅ አንድ ቀን እያለፋችሁ ቀቡ፤ ሽታ የሌለው ሎሽንም ደርቡበት። ሰርጋቸው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይህንን መድኃኒት ሊጀምሩ የሚመጡ ሙሽሮች አሉ። እባካችሁ፣ ለሰርግ ከሆነ ብዙ ወራት አስቀድማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለው ቅባት ደግሞ ጨርቅ ያነጣል። ፎጣ፣ የትራስ ልብስ፣ ባለ ቀለም ሻርፕ ያበላሻል። ነጭ ፎጣ ለዩለት። ጠንከር ያለው 10 ፐርሰንት የተሻለ ይመስላችኋል፤ 2.5 ፐርሰንቱ ግን ለብዙ ሰው እኩል ይሠራል፣ የሚያቃጥለውም ያነሰ ነው።

በአፍ ከሚወሰዱት የምታውቁት ዶክሲሳይክሊን ነው። እቤት ለሌላ በሽታ ተገዝቶ የተረፈ ሊኖር ይችላል፤ እሱን አትንኩት። ሐኪሙ ያዘዘላችሁን ግን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጡ፤ ከዋጣችሁም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትተኙ። በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጠው የሚተኙ ልጆች እንክብሉ የምግብ ቧንቧቸው ላይ ይቀርና ያቆስላቸዋል። በማግስቱ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያማል። የጨጓራ አሲድ ማስታገሻና የብረት እንክብል መድኃኒቱን ስለሚይዙት አብራችሁ አትውሰዱ። ፀሐይም ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል እንጂ ይጎዳል። ሰንስክሪን ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ካልተቻለ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ነጠላ ይረዳል። ዶክሲሳይክሊን አንቲባዮቲክ ስለሆነ ዓመት ሙሉ የሚወሰድ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ነው። ጀርሙ መድኃኒቱን እንዳይለምደው ከሚቀባ ጋር ይታዘዛል። ክኒኑን ወስዳችሁ ቅባቱን አትተዉ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ወደ አይሶትሬቲኖይን። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሲታዘዝ የቆየ የቫይታሚን ኤ ዝርያ ነው። ወዝ የሚያመነጨውን ዕጢ ያሟሽሻል፤ ለዚህ ነው ሌላው ሁሉ ያቃተውን ብጉር የሚያደርቀው። ፊታቸውን ይሸፍኑ የነበሩ ልጆች ስድስት ወር ሳይሞላ ቀና ብለው ሲያወሩኝ አይቻለሁ። በዚህ መድኃኒት በጣም አምናለሁ። ስለማምንበት ነው ጠንከር ብዬ የምነግራችሁ።

አንደኛ፣ ስብ ካለበት ምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ባዶ ሆድ ላይ ከወሰዳችሁት ወደ ሰውነታችሁ መግባት ካለበት ግማሹ እንኳ ላይገባ ይችላል። ይሄ ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ጾም አለና። የምትጾሙ ልጆች ጠዋት በባዶ ሆድ አትዋጡት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከምሳችሁ ጋር አድርጉት። ምግቡ የጾም ቢሆንም ዘይት ያለው ሽሮ፣ አቮካዶ፣ ኦቾሎኒ ይበቃል። ረመዳን የምትጾሙም ከማፍጠሪያው ምግብ ጋር መውሰድ ትችላላችሁ። ሐኪማችሁ ግን እንደምትጾሙ ይወቅ።

ሁለተኛ፣ ከንፈር ይደርቃል። ሳይደርቅበት የሚቀር ሰው የለም ማለት ይቻላል። የአንዷን ልጅ አስታውሳለሁ። ከንፈሯ ጥግና ጥግ ተሰንጥቆ አፏን ከፍታ ማውራት አቅቷት ነበር። የቆዳ በሽታ የያዛት መስሏት ደንግጣለች። በየኪሷ ቫዝሊን ይዛ በየሰዓቱ መቀባት ጀመረች፤ ከንፈሯን በምላሷ ማርጠብ ተወች፤ በሳምንቱ ተሻላት። አፍንጫችሁም ይደርቅና ሊነስራችሁ ይችላል፤ ከውስጡ ትንሽ ቫዝሊን ቀቡት። ዓይን ይደርቃል፤ ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ለጊዜው መነጽር ይሻላችኋል። ማታ ላይ ዓይናችሁ በደንብ አላይ ካለ መኪና አትንዱ፤ ለሐኪማችሁም ንገሩ። የምትሮጡ፣ ጂም የምትሠሩ ልጆች ጡንቻና ወገብ ሊያማችሁ ይችላል፤ ቀነስ አድርጉ። ቅንድባችሁን በዋክስ አታስነሱ፤ ቆዳው አብሮ ይነሳል። መድኃኒቱን ከጨረሳችሁ በኋላም ስድስት ወር ጠብቁ።

እስካሁን የዘረዘርኳቸው አብዛኞቹ የሚቻሉ ናቸው። ሐኪሙ የሚያዝዘው የደም ምርመራ ግን ጉበታችሁንና የደም ስባችሁን ለማየት ስለሆነ አትዝለሉት። ምርመራው ገንዘብ ስለሚያስወጣ ብላችሁ የምትተዉት አላችሁ። መጠጥ ጉበቱንም ስቡንም ያባብሳል፤ ለነዚህ ወራት ተዉት። ቫይታሚን ኤ ያለበት እንክብል አትጨምሩ። ከዶክሲሳይክሊን ጋር ፈጽሞ አብራችሁ አትውሰዱ፤ ሁለቱ ሲገናኙ በጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ሊጨምር ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስና የዓይን ብዥታ አንድ ላይ ከመጣ መድኃኒቱን አቁማችሁ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስለ እርግዝና ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ። አይሶትሬቲኖይን የምትወስድ ሴት ካረገዘች ጽንሱ በአንጎሉ፣ በልቡ፣ በጆሮውና በፊቱ ላይ ከባድ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ውርጃም ያስከትላል። ለጥቂት ቀናት መውሰድ እንኳ ይበቃል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ መድኃኒቱን የሚያዝዘውም፣ የሚሸጠውም፣ የሚወስደውም በአንድ መዝገብ ካልገባ አይሰጥም፤ ማርገዝ የምትችል ሴትም በየወሩ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች። ሕጉ የጠነከረው በዚህ ምክንያት ነው። ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት፣ በምትወስድበት ጊዜ ሁሉ፣ ካቆመችም በኋላ አንድ ወር እርግዝና መኖር የለበትም። "ምናልባት ቢፈጠር ፖስት ፒል አለ" አትበሉ፤ እሱ ለድንገተኛ ነው፣ ለወራት መተማመኛ አይሆንም። ሐኪማችሁ የሚያስተማምን መከላከያ አብሮ ይመርጥላችኋል።

አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጥተው ይህንኑ ጥያቄ ስጠይቅ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ዶክተር? ልጄ ገና ተማሪ ናት" አሉኝ። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። "እኅቴ፣ ልጅዎን ጠርጥሬ አይደለም። ይህን መድኃኒት የያዘች ሴት ሁሉ ትጠየቃለች፣ ሐኪም ብትሆንም" አልኳቸው። ረጋ አሉ። "እንግዲያው ይንገሯት፣ እኔ ውጪ እጠብቃለሁ" ብለው ወጡ። ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያልጠበቅኳቸውን ጥያቄዎች የጠየቀችኝ። ያቺ እናት ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው። እናንተም እናታችሁን "ውጪ ጠብቂኝ" ማለት ከከበዳችሁ፣ ሐኪሙን ወይም ነርሷን ለብቻችሁ ማናገር እንደምትፈልጉ ቀስ ብላችሁ ንገሩ። ይገባቸዋል።

ወንዶች ልጆችም ስሙ። እናንተ ብትወስዱት ጽንስን በዚህ መንገድ ይጎዳል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ግን ከእናንተ የተረፈውን ለእህታችሁ ወይም ለፍቅረኛችሁ መስጠት ክልክል ነው። ደምም አትለግሱ፤ ካቆማችሁ በኋላ አንድ ወር እስኪያልፍ። ደማችሁ የሚሰጠው ለነፍሰ ጡር ሊሆን ይችላል።

ስለ መንፈስም ላንሳ። መድኃኒቱ ድብርት ያመጣል ይባላል። በብዙ ሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች በጥቅሉ አደጋው ከፍ ብሎ አላሳዩም። ብጉሩ ራሱ ሰው ያስከፋል፣ ከጓደኛ ያርቃል። ሆኖም ስሜታቸው የተለወጠባቸው ግለሰቦች አሉና አብሯችሁ ለሚኖር አንድ ሰው "ከተለወጥኩ ንገረኝ" በሉት። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምንም ነገር ካላስደሰታችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ መድኃኒቱን አቁሙና የዚያኑ ቀን ለሰው ተናገሩ፤ ወደ ሕክምናም ሂዱ። ነገ አትበሉ።

ያለ ማዘዣ ስለሚቀባው ሳላነሳ ባልፍ ግን ደስ አይለኝም። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የሚባሉ ቅባቶችን ከጓደኛ፣ ከውበት ሳሎን፣ ከኮስሞቲክስ ሱቅ ተቀብለው ለብጉር የሚቀቡ በጣም ብዙ ናቸው። በሳምንት ውስጥ ፊት ያማረ ይመስላል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይወጣል፣ ብጉሩ ከበፊቱ በርትቶ ይመለሳል። ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ ይቆጣል። እነዚህ ለሌላ የቆዳ በሽታ የተሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። ከዚህ ውስጥ የገባችሁ ካላችሁ ተደብቃችሁ አትቀመጡ፤ የቆዳ ሐኪም አለ። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ሥራውን የጀመረው በሥጋ ደዌ ሕክምና ስለሆነ "ዘነበወርቅ ታየሁ" ብለው የሚሳቀቁ ወጣቶች አጋጥመውኛል። ዛሬ ማንኛውም የቆዳ በሽታ የሚታከምበት ቦታ ነው። ደሴ አካባቢ ላላችሁም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ አይሶትሬቲኖይን የሚላክላችሁም አላችሁ። ዘመዳችሁ በደግነት ነው የላከው። ግን መጠኑ የሚወሰነው በክብደታችሁ ነው። በብዛት የሚታለመው በጠቅላላው ለአንድ ኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቢያንስ 7200 ሚሊግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ በቀን 40 ቢወስድ 180 ቀን ነው። በሻንጣ የመጣው አንድ ፓኬት የወር እንኳ ላይሆን ይችላል። ፊት ስለጠራ ብቻ መሃል ላይ የሚያቆሙ ልጆች ብጉሩ የሚመለስባቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሙሉውን ጨርሰውም የሚመለስባቸው አሉ፤ ያኔ ሐኪሙ የሚቀባ ሊሰጣችሁ ወይም ሁለተኛ ዙር ሊያስጀምራችሁ ይችላል። ያ ሽንፈት አይደለም፣ ሕክምናው እንደዚያ ነው።

ሐኪማችሁ በቃ ካለና እንክብል ከተረፋችሁ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። የገዛችሁበት ፋርማሲ መልሱት፣ እነሱ ያስወግዱታል። እግረ መንገዳችሁን ፊታችሁን አሳዩን። እኛም ደስ ይለናል።