የ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ቴአትር ቤቶች ገቢ፦ ወንበር ከመቁጠርሽ በፊት ምሽቱ የማን እንደነበር እዪ

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት፣ ቀኑን ሙሉ ስራ ላይ ነበርኩ። ለማስተርስ ቴሲስሽ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ቴአትር ቤቶች ገቢ ላይ ልትሰሪ ነው፣ አሰራሬ አዳራሹ የሚይዘው ሰው ሲባዛ በትኬት ዋጋ ሲባዛ በምሽት ብዛት ነው፣ ያስኬዳል ወይ ነው ያልሽው። አያስኬድም። እኔ በዛው መንገድ ሄጄ አንድ ሙሉ ቻፕተር 41 ገጽ ጥያለሁ፣ አንድ ሴሚስተር ተራዝሞብኝ ክፍያውን በፓርት ታይም ሰርቼ ነው የከፈልኩት፣ ስለዚ ይሄን ስጽፍልሽ ከልቤ ነው። ከላይ ያሉት ልጆች ስለ ዘመኑ አጠቃላይ ነገር አንብቢ ብለውሻል፣ መልካም ነው፣ ግን አንቺም እንደኔ ቴአትር ተምረሽ ነው የሄድሽው፣ ድሩሪ ሌንና ኮቨንት ጋርደን የሚባሉት ሁለት የለንደን ቴአትር ቤቶች ማን እንደሆኑ፣ በ1737ቱ ህግ ምክንያት ተውኔት የማሳየት መብት እነሱ እጅ ብቻ እንደቀረ ታውቂያለሽ። እሱን ዘልዬ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

1. ዋጋው አንድ አይደለም። የጻፍሽው ዋጋ፣ ማለትም ቦክስ (ተከፋፍሎ የተከለለው የሀብታሞች ቦታ) 5 ሺሊንግ፣ ፒት (መድረኩ ፊት ያለው ወለል) 3፣ የመጀመሪያው ጋለሪ (ፎቁ ላይ ያለው መቀመጫ) 2፣ የላይኛው ጋለሪ 1፣ ለክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ልክ ነው። ግን ያ ከመጀመሪያው ለሚገባ ሰው ነው። የዋናው ተውኔት ሶስተኛ ገቢር ካለቀ በኋላ የሚገባ ሰው ግማሽ ነው የሚከፍለው። በኛ ሰዓት 11 ላይ በሩ ይከፈታል፣ 12 ላይ ይጀመራል፣ ሱቅ ዘግቶ የሚመጣ ሰው ያኔ አይደርስም፣ ዘግይቶ በግማሽ ዋጋ ገብቶ የቀረውን ያያል፣ ከዛ ደሞ ከዋናው ቀጥሎ የሚመጣውን አጭር ኮሜዲ ወይ ፓንቶማይም ያያል። ሰዉ ይሄን እንደ መብቱ ነበር የሚቆጥረው። ጃንዋሪ 1763 የድሩሪ ሌን ማኔጀርና ተዋናይ የነበረው ጋሪክ ግማሽ ዋጋውን ላስቀር ሲል ድሩሪ ሌን ውስጥ አግዳሚ ተነቀለ፣ መብራት ተሰባበረ፣ በማግስቱ ምሽት እሺ ብሎ መለሰው። ወር ሳይሞላ ኮቨንት ጋርደንም ያው ደረሰበት። ስለዚ የሆነ ቦታ "አዳራሹ ሞልቶ ነበር" የሚል ብታገኚ በሙሉ ዋጋ ነው የሞላው ወይስ በግማሽ ብለሽ ጠይቂ።

2. የሚይዘው ሰው ቁጥርም አይጨበጥም። ቁጥር የተለጠፈበት ወንበር የለም እኮ፣ ፒቱ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ነው። ሀብታሞቹ አሽከር አስቀድመው ይልካሉ፣ አሽከሩ ጌቶቹ እስኪመጡ ቦክሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቦታ ይይዛል። ድሩሪ ሌን ራሱ አንድ ቤት አይደለም፣ ጋሪክ በ1747 የተረከበው ሌላ፣ በ1762 ያሰፋው ሌላ፣ በ1794 እንደ አዲስ ተሰርቶ የተከፈተውና ከ3,600 ሰው በላይ የሚይዘው ደሞ ፍጹም ሌላ። በዛ ላይ በነጻ የሚገባ አለ፣ ማኔጀሩ ወይ ተዋናዩ የፈረመለትን ወረቀት ይዞ የሚመጣ። ቤቱ ራሱ የበር ገንዘብ ተቀባዮቹን አያምናቸውም ነበር፣ ቦክስ ውስጥ የሚቀመጥ ቆጣሪ ቀጥሮ በየምሽቱ ራስ ያስቆጥር ነበር፣ የሱን ቁጥር ከገባው ብር ጋር ያመሳክራሉ። እነሱ እዛው ቁጭ ብለው እንደዚ ከተቸገሩ በማባዛት ብቻ የሚገኝ ነገር እንደሌለ ይግባሽ።

3. ይሄ ነው ዋናው፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይሄን አትርሺ። ቤኔፊት።

እኔ ከ1747 እስከ 1756 ያሉትን ሲዝኖች ኤክሴል ላይ አስገባሁ። ሲዝኑ ሴፕቴምበር ላይ ተጀምሮ ሜይ መጨረሻ ጁን መጀመሪያ አካባቢ ያልቃል። ቻርቱን ስሰራው ከማርች በኋላ ያሉት ምሽቶች ሽቅብ ይወጣሉ፣ በተለይ የማርቹ፣ በጣም ያምራል። ደስታዬን አልነግርሽም። በቃ ግኝት አገኘሁ አልኩ፣ "ብርዱ ሲያልፍ፣ ቀኑ ሲረዝም የለንደን ህዝብ ወደ ቴአትር ይጎርፋል፣ የቴአትር ቤቶቹም ትልቁ ገቢ የጸደይ ነው" ብዬ ሙሉ ቻፕተሩን በሱ ላይ ገነባሁት። አድቫይዘሬ አንብቦ ጥሩ ነው አለኝ (ማንበቡን እስካሁን እጠራጠራለሁ)። ዲፌንስ ቀን ከፈታኞቹ አንዷ፣ እድሜያቸው የገፋ ሴትዮ ናቸው፣ ከፎልደራቸው የአንድ ምሽት የቴአትር ማስታወቂያ ወረቀት ኮፒ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ወደኔ አዙረው አስቀመጡት። ጣታቸውን ከላይ ካለው መስመር ላይ አድርገው "ይሄ ምን ይላል?" አሉኝ። "ለሚስተር እከሌ ቤኔፊት ይላል" አልኳቸው። "ምን ማለት ነው?" "የእርዳታ ምሽት ነው፣ ምናልባት ታሞ ይሆናል" አልኩ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ የገቢ ማሰባሰቢያ ቴአትር ሲባል ለታመመ አርቲስት ወይ ለሆነ ማህበር ነው የምናውቀው። እሳቸው ምንም ሳይሉ ጣታቸውን ወደ ታች አወረዱት። መጨረሻው ላይ በደቃቃ ፊደል ትኬቱ ከራሱ ከሚስተር እከሌ ማደሪያ፣ ከዊግ ሰሪው ቤት እንደሚገኝ ተጽፏል። "ትኬቱን የሚሸጠው ማነው?" "ተዋናዩ" "እና ገንዘቡ የማን ነው?" አሉኝ። ያኔ ነው 41 ገጹ ከእጄ ሲወጣ የታየኝ። ያንን ወረቀት እኮ ከዛ በፊት ሀምሳ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተዋናዩ ከደሞዙ ሌላ በዓመት አንድ ምሽት ይሰጠዋል። የዛን ምሽት የቤቱን ወጪ ይከፍላል፣ በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ 60 ፓውንድ አካባቢ ነው፣ በኋላ እየጨመረ ሄዷል። ከዛ በላይ የገባው የራሱ ነው፣ ካልሞላ ደሞ ጉድለቱን ከኪሱ ይሞላል። ትልልቆቹ ኮከቦች ወጪውን ሳይከፍሉ ሙሉውን የሚወስዱበት ጊዜ አለ፣ ትንንሾቹ ለሁለት ለሶስት አንድ ምሽት ይካፈላሉ፣ በር ጠባቂና የመሳሰሉት ደሞ ትኬት ይሰጣቸውና ሸጠው ግማሹን ነው የሚያገኙት። የነዚህ ምሽቶች ወቅት ማርች፣ ኤፕሪልና ሜይ ነው፣ መጀመሪያ ትልልቆቹ ከዛ በደረጃ እየወረደ። ይኸው "ህዝቡ ጸደይ ይወዳል" ያልኩት ነገር ተዋናዮቹ በየሀብታሙ ደጅ እየዞሩ፣ እጅ እየነሱ፣ ትኬት እየሸጡ ያመጡት ሰው ነው። የ5 ሺሊንግ ትኬት ወስዶ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሺሊንግ፣ የሚሰጥ ባለጸጋ ነበር፣ ያ ትርፍ የትኛውም የበር ሂሳብ ላይ አይወጣም። እኔ እነዚህ ሰዎች ዓመት ሙሉ የሚጠብቋትን ምሽት ወስጄ ለማኔጀሩ ነው የጻፍኩለት፣ እስካሁን ይከነክነኛል።

የማባዛቱን ነገር ደሞ የባሰ የሚያበላሸው፣ በቤኔፊት ምሽት አዳራሹ ራሱ ይቀየራል። ከፒቱ የተወሰነው ወይ ሁሉም ከቦክስ ጋር ይቀላቀልና 5 ሺሊንግ ይሆናል። ከ1762 በፊት ከሆነ ደሞ መድረኩ ላይ፣ ከተዋናዮቹ ጀርባ፣ ደረጃ በደረጃ አግዳሚ ተሰርቶ ተመልካች ይቀመጥበታል። እስቲ አስቢው፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ እየተጫወተ ከኋላው የሰፈር ሰው ተደርድሯል። ጋሪክ በ1762 ይሄን ሲያስቀር አዳራሹን አብሮ ያሰፋው ተዋናዮቹ የቤኔፊት ገቢያቸው እንዳይቀርባቸው ነው። ብዙ ሰው ጋሪክን ስለ ገንዘብ ሲያነሳ እንደ ንፉግ ነው የሚያየው፣ እኔ በዚህ አልስማማም።

ደራሲውም እንደዛው፣ የአዲስ ተውኔት 3ኛ፣ 6ኛና 9ኛ ምሽት የደራሲው ነው። "የለማኞች ኦፔራ" የሚባለው ዘፈን ያለበት ተውኔት ጃንዋሪ 29፣ 1728 ወጥቶ በመጀመሪያው ሲዝን 62 ጊዜ ታየ፣ ደራሲው ጆን ጌይ ከራሱ ምሽቶች ወደ 700 ፓውንድ አገኘ፣ ማኔጀሩ ጆን ሪች ደሞ ከዛ ብዙ እጥፍ አግኝቶ በ1732 ኮቨንት ጋርደንን ከፈተ። 62ቱንም ምሽት ሪች ኪስ ውስጥ ካስገባሽ የጌይን ቀማሽ ማለት ነው።

ስለዚ ኤክሴሉ ላይ ከሁሉ በፊት "የማን ምሽት" የሚል ኮለም ጨምሪ። የቤቱ፣ የተዋናይ፣ የደራሲ፣ የጋራ፣ የእርዳታ (እሱም አለ፣ ለሆስፒታል ምናምን)። እኔ ዘጠኝ ሲዝን አንድ በአንድ እንደዛ ሞልቼ ቻርቱን ስደግመው የቤቱ ገቢ ጸደይ ላይ ተራራ መሆኑ ቀርቶ ሜዳ ሆነ። ሁለተኛውን ዲፌንስ ያለ እርማት አለፍኩ፣ ያቺን ወረቀት ያወጡት ሴትዮ ራሳቸው በሳምንቱ ኢሜይል ጽፈው ሰንጠረዡን ለተማሪዎቼ ላሳየው ብለው ጠየቁኝ። ላኩላቸው።

ገንዘቡን ስትጽፊ ደሞ ተጠንቀቂ፣ 3 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግን 3.10 ብዬ አስገብቼ ነበር፣ ፓውንዱ 20 ሺሊንግ ነው፣ 3.50 ነው መሆን ያለበት። ሁሉንም ወደ ፔኒ ቀይሪው፣ ሺሊንጉ 12 ፔኒ ነው፣ ትገላገያለሽ።

4. የምሽት ብዛት። ጃንዋሪ 30 ቴአትር የለም፣ ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ የተገደለበት ቀን ስለሆነ ይዘጋል። በዐቢይ ጾማቸው ረቡዕና አርብ ተውኔት አይታይም (ለኛ ይሄ አይከብድም)፣ ኦራቶሪዮ (ያለ ትወና የሚዘፈን መንፈሳዊ ሙዚቃ) ግን ይፈቀዳል፣ ሕማማት ደሞ ዝግ ነው። አቆጣጠሩም እንደዚሁ፣ እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ በህግ የሚጀምረው ማርች 25 ነው፣ የለማኞች ኦፔራ በዛ ዘመን ወረቀት 1727 ተብሎ ብታገኚው እንዳትደነግጪ። በ1752 ደሞ ሴፕቴምበር 2 ሲያልቅ ማግስቱ 14 ሆነ። ክፍሌ ውስጥ የነበሩ ፈረንጆች እዚህ ላይ ሲሰቃዩ እኔ በአንድ ቀን ነው የገባኝ፣ በሁለት ካላንደር ነው ያደግነው።

ጋዜጣ ላይ "ኮንሰርት" የሚል ካየሽም አትለፊው። ከ1737ቱ ህግ በኋላ ፈቃድ የሌላቸው ቤቶች ሙዚቃውን በክፍያ፣ በመሃል የሚታየውን ተውኔት "በነጻ" ብለው ነበር የሚያስተዋውቁት። ጋሪክ ራሱ ኦክቶበር 19፣ 1741 ጉድማንስ ፊልድስ የሚባል ፈቃድ የሌለው ቤት ውስጥ ሪቻርድ ሶስተኛን ሆኖ የታየው በእንደዚህ አይነት ኮንሰርት ነው። ተዋናዩ ሳሙኤል ፉት ደሞ በ1747 ሄይማርኬት ቴአትር ላይ ኑ ቸኮላታ ጠጡ ብሎ ነው ሰው የጠራው።

አርካይቭ መሄድሽ አይቀርም፣ እዛም አንድ ነገር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቦታ ሶስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዤ ሄጄ የመግቢያ ካርድ ከለከሉኝ። ፓስፖርቴ ላይ የኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም ነው ያለው፣ የባንክ ወረቀቴ ላይ በአባቴ ስም ቆሟል። ሴትዮዋ "ሰርኔምህ የቱ ነው?" አለችኝ፣ እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፣ ይሄ የአባቴ ስም ነው ብዬ ላስረዳት ስሞክር "ሰርኔም የሌለው ሰው የለም" ብላ ከኋላዬ ያለውን ሰው በእጇ ጠራችው። ወረቀቱን እንኳ አልመለሰችልኝም፣ ከጠረጴዛው ላይ ራሴ ነኝ ያነሳሁት። ሁለት ሳምንትና ሁለተኛ ትኬት አስወጣኝ። ከመሄድሽ በፊት ዩኒቨርሲቲሽ ስምሽን ልክ በፓስፖርትሽ ቅደም ተከተል የጻፈበት ደብዳቤ አጽፊና የቤት አድራሻ ማስረጃሽንም ከሱ ጋር አስተካክይ።

ግን ሂጂ፣ ይገባዋል። የሂሳብ መዝገቡን ስትከፍቺ የግማሽ ዋጋ ገቢው ለብቻው "አፍተር መኒ" ተብሎ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፣ ዘግይቶ የመጣው ሰው ገንዘብ። እኔ ያንን መስመር ያየሁ ቀን ምሳ አልበላሁም።

ለድሩሪ ሌን ከሆነ የሪቻርድ ክሮስና የዊሊያም ሆፕኪንስን ዲያሪ ፈልጊ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ቃለ ተውኔት የሚያስታውሱ ፕሮምፕተሮች ነበሩ፣ ከ1747 እስከ 1776 ምሽቱ እንዴት እንደዋለ፣ ማን እንደተጮኸበት፣ ብዙ ጊዜም ስንት እንደገባ ጽፈዋል። ዲያሪው ዋሽንግተን ፎልጀር ላይብረሪ ነው ያለው፣ ዲሲ ዘመድ ካለሽ ማረፊያ አታጪም።

የትኛውን ቤትና የትኛውን ሲዝን እንደያዝሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ከ1747 እስከ 1756 ድሩሪ ሌን ከሆነ ኮለሙ ተሞልቶ አልቋል፣ ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ። የኮቨንት ጋርደኑን ግን ኤፕሪል ላይ ነው ያቆምኩት፣ የሜይን አንቺ መሙላት ይኖርብሻል።