ሹል ሆድ ወይስ ጠፍጣፋ?

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጀልባ የምፈልገው ለሥራ አይደለም፤ ቅዳሜና እሑድ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ጣና ላይ ለመንሸራሸር ነው። እናቴንም ዘጌ ወስጄ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ላሳልማት ቃል ገብቻለሁ። ሁለት ያገለገሉ ጀልባዎች አግኝቻለሁ። አንዱ ፋይበር ነው፤ ሆዱ እንደ ቪ ሹል፣ ሞተሩ 60 የፈረስ ጉልበት። ሌላው ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ጀልባ ነው፤ ሞተሩ 40፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ሹሉ ላይ ስንሳፈር ጋደል ቢልብን ባለቤቴ «በዚህማ አልሄድም» አለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

ወንድሜ፣ ባለቤትዎ አልተሳሳቱም። ሹል ሆድ ቆሞ ሳለ ይወዛወዛል፤ ሰው ወደ በዛበት ጎንም ያጋድላል። ጠፍጣፋው ግን ደልደል ብሎ ይቀመጣል። ማዕበል ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። (ጀልባው አላልኩም!)

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲያገኘው ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና የተጠጋጋ ይሆናል። ሹሉ ሰንጥቆት ያልፋል። ጠፍጣፋው ግን እያንዳንዱን በሆዱ እየተላተመ ይሄዳል። ጠዋት ዘጌ በሰላም ይደርሳሉ፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሲመለሱ ግን እናትዎ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚወርዱት። ስለዚህ ሹሉን ይግዙ። ከደብረ ማርያምና ከዓባይ መውጫ ላልርቅ ካሉ ግን ጠፍጣፋው ይበቃዎታል፤ ቤንዚንም ይቆጥባል፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻም እንደ ልብ ይገባል።

ሞተሩን ግን በወረቀቱ ብቻ አይመኑት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል። 60 የተባለው እዚህ 50 ነው። ፕሮፔለሩ ለቆላ የተመረጠ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ሲሞላበት ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ ያጓራል እንጂ አይፈጥንም። ያኔ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ባለ ፕሮፔለር ያስቀይሩት።

ከመክፈልዎ በፊት ሞተሩ የታሰረበትን የኋላ ግድግዳ በመዶሻ እጀታ ቆርቆር ያድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቷል፤ በርካሽ ቢሰጡዎትም ይተዉት።

ሙከራውንም ጠዋት አያድርጉት። ሻጩ ጠዋት ቢልዎት እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቅጠሩት፤ ባለቤትዎንም ይዘው ይሂዱ። ለልጆቹ በልካቸው የሆነ ላይፍ ጃኬት ከዋጋው ጋር ይደራደሩ።